የደላላው ቁጥር

ለማሽን ስም የሚያወጣ ሰው አልወድም። ያንን ጥቁር ሳጥን ግን ደላላ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሥራው ነዋ። የራሱ የሚለው አንድም ነገር የለውም። የካርቱን ፊልማችን ፋይሎች በሙሉ የሚቀመጡት ናይሮቢ፣ ዋናው ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ ነው። እኛ ኪሱሙ ሐይቁ ዳር ያለነው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በዚያ ቀርፋፋ መስመር እያንዳንዳችን ናይሮቢ እየተመላለስን መሥራት አንችልም። ስለዚህ ደላላው መሀል ይቆማል። ከናይሮቢ ተቀብሎ ለእኛ ያካፍላል፣ ከእኛ ተቀብሎ ለናይሮቢ ያደርሳል።

እዚህ ቤት ፉንዲ ነው የሚሉኝ። የተበላሸ የሚጠግን ሁሉ ፉንዲ ነው፤ ጫማ ሰፊውም፣ እኔም። ስሜ ኦኬዮ ነው፤ በስሜ የሚጠሩኝ ግን እናቴና አለቃዬ ብቻ ናቸው።

አሁን ስለ ቁጥሩ ልንገራችሁ፤ እሱን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። እያንዳንዱ ፋይል ቁጥር አለው። አንድ ሰው ሴቭ ባደረገ ቁጥር በአንድ ይጨምራል። የተሠራው ሁሉ በትልቅ ስክሪን በሚታይበት ማየት ክፍል ያለው ኮምፒውተር አንድ ሥዕል አንዴ ከከፈተ ቅጂውን ይዞ ያስቀራል። ሁለተኛ ክፈት ሲሉት ደላላውን "ቁጥሩ ስንት ደረሰ?" ብሎ ይጠይቃል። "ሰባት" ከተባለና የያዘውም ሰባት ከሆነ፣ አልተነካም ብሎ የያዘውን ያሳያል። ቁጥሩ ከተለየ አዲሱን ያስመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቁጥሩን መቁጠር ያለበት ባለቤቱ፣ የናይሮቢው ሰርቨር ነበር። እኔ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለአንዲት ቁጥር ብሎ ናይሮቢ ድረስ ማን ይመላለሳል ብዬ ደላላው ራሱ እንዲቆጥር አደረግሁት። ሥራው ሁሉ ፈጠነ። ሰዉም አመሰገነኝ። እኔም ሲያመሰግኑኝ "ኧረ ምንም አይደል" እያልኩ ውስጥ ውስጡን ደረቴ ሲነፋ ኖሯል።

ማማ ታቢታ ቀለም ቀቢያችን ናት። እኛ ዘንድ የወለደች ሴት በልጇ ስም ስለምትጠራ በራሷ ስም ናሊያካ ብሎ የሚጠራት የለም። ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሥርዓቷ ያስቃል። ሥዕሉን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ነው የምትቀባው፤ ሰማይ፣ ውሃ፣ መሬት፣ ገላ፣ ዓይን፣ አፍ፣ ጥላ። አንዱን ስትጨርስ አንዴ ሴቭ ታደርጋለች። ሰባት ጊዜ፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እርማት ሲመጣላትም የሚታረመው አንድ ጆሮ ብቻ ቢሆን እንኳ ከሰማይ ጀምራ ሁሉንም ታያለች፣ ሰባቴ ሴቭ ታደርጋለች።

"ማማ ታቢታ፣ ሰማዩን ማን ነካብሽ?" እላታለሁ።

"አንተ ቤትህን ስትጠርግ ግማሹን ትተወዋለህ?" ትለኛለች።

"ኧረ ጠርጌም አላውቅ።"

"ያስታውቃል።"

ሌሎቹ ቀቢዎች ሥርዓት የላቸውም። ሲያስነጥሳቸውም ሴቭ ያደርጋሉ።

የቀኑ ሥራ እንዲህ ነው። ጠዋት ይቀባል። ስድስት ሰዓት ላይ አዘጋጃችንና አለቃችን ማዳም አዊኖ ማየት ክፍል ገብታ ሥዕሎቹን በትልቁ ስክሪን ታያለች፣ እርማት ትሰጣለች። ከምሳ በኋላ ይታረማል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግማ ታያለች። በመሀል፣ በዚህ ወቅት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ በሐይቁ በኩል ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ይዘንባል፤ መብራት ሄዶ ይመለሳል። ማማ ታቢታ አንድ ጊዜ መብረቅ የቀኑን ሥራዋን ከበላባት ወዲህ፣ ሰማዩ ከጠቆረ ዝናቡ ሳያባራ እርማት አትጀምርም። እጇን አጣጥፋ በመስኮት ታያለች።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሰኞ፣ ነገሩ ቀላል ነበር። ማዳም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከማየት ክፍል ወጥታ መጣች።

"ማማ ታቢታ፣ የጉማሬዋ ጆሮ ቀልቷል ብዬሽ ነበር።"

"አስተካከልኩት እኮ ማዳም።"

"እኔ የማየው ያው ቀይ ነው።"

"ይምጡና እኔ ጋ ይዩት።"

ሄዳ አየች። የማማ ታቢታ ስክሪን ላይ ጆሮው ግራጫ ነው። ማዳምም "አሁን ስመጣ ስታይኝ ቀባሽው?" አለቻት። ሁላችን ሳቅን። የዚያን ቀን እሷም አብራ ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት "አርሚና ድጋሚ ላኪ" ተባለች። ከፈተችው፤ የሚታረም የለም። ግራ ቢገባት ዝም ብላ አንድ ጊዜ ሴቭ አደረገችው። ማየት ክፍል ሲከፈት ጆሮው ግራጫ ሆኖ ቁጭ። ማዳምም "አየሽ፣ ሲቆጡሽ ትሠሪያለሽ" አለቻት።

ሁለት ቀን ደህና ሰነበተ። ከዚያ ደገመ፣ ሰለሰ። በሁለተኛው ሳምንት አራት ጊዜ ሆነ። ሁልጊዜ ያው ነው፤ ከሰዓት አላረምሽም ትባላለች፣ አርሜያለሁ ትላለች፣ በማግስቱ ከተቆጧት በኋላ ታርሞ ይገኛል። የሚስቅም ጠፋ። ማዳም አዊኖ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ፊልሙ የሚረከብበት ቀን ደርሶባታል። ሲመርራት እኔን ጠራችኝ።

"ኦኬዮ፣ ይሄ ሥዕል ዛሬ ከሰዓት ተነክቷል ወይስ አልተነካም?"

ወደ ደላላው ገባሁ። ቁጥሩ ሰባት ነው። ማየት ክፍሉ ስድስት ሰዓት ላይ የያዘውም ሰባት ነው።

"አልተነካም ማዳም።"

"እርግጠኛ ነህ? የሰው እንጀራ ነው።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ሰው ይዋሻል እንጂ ደላላው አይዋሽም።"

ማማ ታቢታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች። ናይሮቢ ደውሎ ሁለተኛ ሰው መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ ግን ምን ጎድሎኝ ልጠይቅ፤ የቆጠረው የእኔ ማሽን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛዋ ላይ ቢጫ ወረቀቶች መለጠፍ ጀመረች። ጣት የምታህል ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈባት። መጀመሪያ አንድ ሁለት ነበሩ፤ በኋላ የስክሪኑን ጠርዝ ዞሩት፣ ከዚያ ወደ መሳቢያው ወረዱ። በአጠገቧ ሳልፍ "ማማ ታቢታ፣ ጠረጴዛሽ ላባ አበቀለ እንዴ? ሊበር ነው?" አልኳት። ወረቀቶቹን በክንዷ ሸፈነቻቸው። እኔ በራሴ ቀልድ እየሳቅሁ ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ደብዳቤ ደረሳት። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ቀርባ እንድታስረዳ፤ ካላስረዳች ውሏ እንደሚቋረጥ። ከሥር አንድ መስመር ነበረች፤ ምስክር፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ኦኬዮ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ከፎቁ ሥር ካለችው ዓሣ ቤት ተቀምጬ ሳለ ሳህኗን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የተጣላን መስሎኝ ስለነበር ደነገጥኩ።

"ፉንዲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትስቅ።"

"ስቄ አውቃለሁ?"

"ሁልጊዜ ትስቃለህ።"

"እሺ፣ አልስቅም።"

"ደላላው እውነት አይሳሳትም?"

"አይሳሳትም ማማ ታቢታ። ምን ላድርግሽ።"

ራሷን ነቀነቀች። ኡጋሊዋን፣ ያን ጠጣር የበቆሎ ገንፎ፣ ቆርሳ ጠቀለለችና ሳትበላው መልሳ አስቀመጠችው።

"እንግዲያው እኔ ነኝ" አለች። "እናቴን ሃምሳ ሳይሞላት ነው የጀመራት። መጀመሪያ ድስት ጥዳ ትረሳ ነበር። ኋላ ከገበያ ስትመለስ ቤቷ ጠፋት። መጨረሻ ላይ እኔን 'የማን ልጅ ነሽ አንቺ?' ትለኝ ጀመር። እኔ አሁን አርባ ስምንት ነኝ።"

"ኧረ ተይ እንዲህ አትበይ።"

"ሥራው ይቅር፤ ሥራ የትም አለ። ልጄ ግን ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰኞ የጭንቅላት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። እህቴንም 'ታቢታን ትወስጃታለሽ?' ብዬ ጠይቄያታለሁ።"

አንጀቴን በላችው። ውሃ ቀዳሁላት።

"የሚገርመኝ" አለች፣ "ማድረጌን አስታውሳለሁ። ሰባቱንም። ከዚያ አላደረግሽም ትሉኛላችሁ። ደግሞ የሚጠፋብኝ ዝናብ ሲዘንብ ነው። እናቴም ዝናብ ሲሆን ነበር የሚብስባት።"

የጠቀለልኩት ኡጋሊ እጄ ላይ ቀረ።

"ዝናብ ባልዘነበ ቀን ጠፍቶብሽ አያውቅም?"

"አንድም ቀን።"

"ደህና አስቢ እስቲ።"

"ፉንዲ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ምን ሳስብ የኖርኩ ይመስልሃል?"

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዝናብ የሰው ጭንቅላት ላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ዝናብ ሲመጣ መብራት እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ። መብራት ሲሄድ ማን ማን እንደሚጠፋም የወሰንኩት እኔ ነኝ። ትልቁ ባትሪ ሲገዛ የሠራተኞቹን ኮምፒውተሮችና ማየት ክፍሉን አገናኘሁበት። ለደላላው አልበቃ ሲል ተውኩት። የራሱ ነገር የለው፣ ሁለት ደቂቃ ቢጠፋ ምን ይጎድላል፣ ብዬ።

ምሳዬን ጥዬ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዝናቡን ራሴ መሆን ነበረብኝ። አንድ የሙከራ ሥዕል ከፍቼ ቀይ ክብ ሣልኩና ሰባት ጊዜ ሴቭ አደረግሁ። ማየት ክፍል ሄጄ ከፈትኩት፤ ቀይ ነው። ደላላውን ሶኬቱን ነቀልኩት፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቄ ሰካሁት። ክቡን ሰማያዊ አደረግሁና እንደገና ሰባት ጊዜ ሴቭ አደረግሁ። ማየት ክፍል ተመልሼ ከፈትኩት።

ቀይ ነው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደላላው ጠፍቶ ሲነሣ የቆጠረውን ሁሉ ረስቶ ከአንድ ይጀምራል። ጠዋት ሰባት ጊዜ ሴቭ ያደረገችውን ሰባት ብሎ ይሰጣል። ዝናብ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይረሳል። ከሰዓት እርማቷን ሰባቴ ሴቭ ስታደርግ እንደገና ሰባት ብሎ ይሰጣል። ማየት ክፍሉም "ሰባት? ሰባትማ አለኝ" ብሎ የጠዋቱን ያሳያል። በማግስቱ አንዴ ሴቭ ስታደርግ ስምንት ይሆናል፤ ያኔ አዲሱን ያስመጣል። ሌሎቹ ጠዋት አሥራ ሦስት፣ ከሰዓት አራት ጊዜ ሴቭ ስለሚያደርጉ ቁጥራቸው ገጥሞ አያውቅም። እሷን ያስወነጀላት ሥርዓቷ ነው። ሲረሳ የኖረውም እሷ ሳትሆን የእኔ ደላላ ነው።

ናይሮቢ ደወልኩ። ዋናውን ሰርቨር የሚጠብቀው ኪዮኮ ነው፤ ከሥራ ይልቅ በእኔ መቀለድ ይወዳል።

"ወንድሜ፣ አንድ ፋይል ቁጥር እይልኝ" አልኩት። "ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ የተቀባችውን ጉማሬ።"

"አሥራ አምስት።"

ሰባት ጠዋት፣ ሰባት ከሰዓት፣ አንድ በማግስቱ።

"ምን ሆነህ ነው?"

ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀብኝ።

"የፋይሉ ባለቤት እኔ፣ የምቆጥር እኔ። ደላላ የሰው በሬ አሻሽጦ ይሄዳል እንጂ ዕድሜውን ከራሱ ይጨምራል እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ።"

"እሺ፣ ሰማሁ።"

"ቁጥሬን እንደሰጠሁህ ስጥልኝ። እኔን ማግኘት ካልቻልክ ደግሞ አላውቅም በል፤ ከልብህ አትፍጠር።"

"እሺ አልኩህ እኮ።"

"ሴትዮዋስ?"

"ማን?"

"ማን ይለኛል እንዴ። ነገርካት ወይ?"

"እነግራታለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ ጠዋት ማልጄ ገብቼ የራሴን ቆጠራ ከደላላው ነቅዬ ጣልኩት። ከዚያ ወዲያ የናይሮቢን ቁጥር ሳይነካ እንዲያስተላልፍ፣ መስመር ሲቋረጥም "አላውቅም" እንዲል አደረግሁት፤ ያኔ ጠያቂው ራሱ አዲሱን ያስመጣል። ሥራው የሦስት ሰዓት ነው። ፋይል መክፈቱ ትንሽ ዘገየ እንጂ ማንም አላስተዋለም። ሶኬቱን አራት ጊዜ ነቅዬ ሞከርኩት። ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

እውነቱን ልናገር። ያን ጠዋት ለማንም ሳልናገር ልተወው አስቤ ነበር። ነገሩ ተስተካክሏል፣ ከእንግዲህ አይደገምም፤ ዓርብ ላይ "ምናልባት መስመር ይሆናል" ብዬ ድፍን ያለ ቃል ጣል አድርጌ እሷንም እኔንም አተርፋለሁ አልኩ። ሰው ሲፈራ ብልሃቱ አያልቅበትም።

ሐሙስ ዘነበ። መብራት ሄደ፣ መጣ። ማማ ታቢታ እጇን አጣጥፋ በመስኮት አየች፤ ሲያባራ ሰባቱን ሠራች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማዳም ማየት ክፍል ገባች፣ ወጣች፣ በጠረጴዛዬ አጠገብ ስታልፍ ቆመች።

"አየህ ኦኬዮ" አለችኝ፣ "ደብዳቤው ሠራባት። ዛሬ አርማለች።"

ወደ ስክሪኔ ዞሬ የምሠራ መሰልኩ። ማዳም ሄደች። ያስተካከልኩት ነገር ራሱ ሴትዮዋ ላይ ሌላ ማስረጃ ሆኖ ቁጭ አለ። ያን ያህል ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም፤ ይኸው ተናገርኩት።

ዓርብ አራት ሰዓት ማየት ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ማዳም ደብዳቤውን ፊቷ ዘርግታለች። ማማ ታቢታ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ መጥታለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች። ሊያሰናብቷት የሚጠሯት ሰው እንዴት እንደሚለብስ ያኔ አየሁ።

"ኦኬዮ፣ የዚያን ቀን ያልከውን ድገምልን" አለች ማዳም።

"አልደግመውም ማዳም። ስህተት ነው።"

"ምኑ?"

"ያልኩት ሁሉ። እሷ አርማለች። ሁሉንም ጊዜ፣ በቀኑ፣ በሰዓቱ። ያላሳያችሁ የእኔ ማሽን ነው። እንዲያ አድርጎ እንዲቆጥር ያደረግሁትም እኔ ነኝ፤ ያዘዘኝ የለም።"

ኪዮኮ የላከልኝን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አሥራ አንድ ሥዕሎች፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን ሴቭ የተደረጉበት ቀንና ሰዓት። ሰባት ጠዋት፣ ሰባት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንድ በማግስቱ። አሥራ አንዱም እንደዚያው ናቸው። ደላላውን ለጊዜው እንደ ድሮው መልሼ ቀይና ሰማያዊ ክቤንም ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው።

ማዳም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ረቡዕ።"

"ትናንት ደብዳቤው ሠራባት ስልህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ማዳም ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደችው። "እኔም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ ማማ ታቢታ፤ ጠረጴዛሽ ድረስ መጥቼ አይቼ ዓይኔን አላመንኩም። አንተ የሆነውን በሙሉ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ሰሌዳው ላይ ትለጥፋለህ። ሁሉም እንዲያነበው። የአንተን ነገር ሰኞ እንነጋገራለን" አለችና ወጣች።

ማማ ታቢታ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ትሰድበኛለች ብዬም ጠበቅሁ።

"ስለዚህ አላመመኝም?" አለችኝ።

"ምንም አላመመሽም።"

"አልረሳሁም?"

"አንዲትም አልረሳሽም።"

ተነሥታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ቢጫ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። ሥራ ያለው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያያታል። ከስክሪኑ ጠርዝ ጨረሰች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ከውስጡ ሌሎች አውጥታ ጨመረችባቸው። ሲያልቁ እጄን ይዛ መዳፌን ገለበጠችና ሁሉንም ላዩ ላይ አደረገቻቸው።

"ቁጠራቸው" አለችኝ። "መቁጠር የምትወደው አንተ ነህ።"

ቆሜ እያነበብኩ ቆጠርኳቸው። ሰማዩን ሴቭ አድርጌያለሁ። ጥላውን ሴቭ አድርጌያለሁ። ምድጃውን አጥፍቻለሁ። ወደ ቤቴ የሚሄደው ማታቱ ታክሲ ቢጫ መስመር ያለው ነው፣ ከድልድዩ ቀጥሎ መውረድ። አርባ አንድ ነበሩ። የመጨረሻዋ በደንብ ተጭና የጻፈቻት ናት፤ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ትንሽ ቀርቶታል።

ልጄ ታቢታ ትባላለች፣ ትላለች።